ከካሴት ክር የተሠራ ፊት

የእናቴን ሞት ያረዳችኝ በሕይወቴ አይቻት የማላውቅ አሜሪካዊት ናት። ቆማ፣ በእጇ የወረቀት ኩባያ ይዛ፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ መሃል። ዘመዶቼ ግን እስከዛሬ ያረዱኝ እነሱ ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው። ከዚህ በፊት ለማንም ተንፍሼ አላውቅም።

ትብለጥ እባላለሁ። አሜሪካ፣ ከዋና ከተማዋ ጥግ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከባቡር ጣቢያው የአሥር ደቂቃ መንገድ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከልጄ ከሮሆቦት ጋር እኖር ነበር። አባቷን አትጠይቁኝ፤ ሂውስተን ሌላ ትዳር ይዟል፣ ይመቸው። እኔ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የነርስ ረዳት ነበርኩ፤ ቀን ሽማግሌ ሳገላብጥ ውዬ፣ ማታ መጽሐፍ ሳገላብጥ አመሻለሁ። በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት፣ የነርስነት ቦርድ ፈተና ለሁለተኛ ጊዜ ልፈተን ቀን ተቆርጦልኝ ነበር። በመጀመሪያው ወድቄያለሁ። መውደቄን የሰማ ሐበሻ ሁሉ በየለቅሶ ቤቱና በየሠርጉ «አይዞሽ» ሲለኝ ከርሞ ስለነበር፣ አሁንም ብወድቅ ከተማውን ለቅቄ እሄዳለሁ ብዬ ምዬ ነበር።

ሮሆቦት ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እኔ በጅቡቲ በኩል ወጥቼ፣ እዚህ መጥቼ፣ ወረቀቴን አግኝቼ እስካስመጣት ድረስ፣ እስከ ስምንት ዓመቷ ድሬዳዋ ያሳደገቻት እናቴ ናት። ለዚህ ነው እናቴን «እማዬ»፣ እኔን «ማም» የምትለው። እናቴ ወይዘሮ ፅጌ የቴሌ ኦፕሬተር ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ የሰውን መስመር ስታገናኝ የኖረች ሴት። ጡረታ ወጥታም አመሏ አልለቀቃትም። ለሮሆቦት በመንገደኛ እጅ ካሴት ትልክላት ነበር፤ ሁሉም የሚጀምሩት «ሃሎ፣ ሮሆቦቴ፣ ይሰማል?» ብለው ነው። ከዚያ ማን እንዳገባ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ሙቀቱ እንዴት እንዳንገበገባቸው አንድ በአንድ ትነግራታለች። ሮሆቦት ካሴቶቹን በጫማ ካርቶን አድርጋ አልጋዋ ሥር ታስቀምጣቸዋለች። እኔ አንዱንም ቁጭ ብዬ ሰምቼ አልጨረስኩም። ጊዜ የለኛ!

ጠባችን የጀመረው በሰመር ነው። አንድ ፎርም ይዛልኝ መጣች። ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ የሚካሄድ የሥነ ጥበብ ፕሮግራም ነው፣ ማንነትን ፍለጋ፣ ለጥቁር ወጣቶች ይላል፣ ወላጅ መፈረም አለበት። ብዕሩን አስቀመጥኩና «አንቺ እኮ ሐበሻ ነሽ» አልኳት።

«ማም፣ አይ አም ብላክ።»

«ማን ነው እንደሱ ያለሽ?»

«የገበያ አዳራሹ ሴኩሪቲ» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «ከኋላ ከኋላዬ ሲከተለኝ፣ ከየት አገር ነሽ ብሎ አይጠይቀኝም።»

 መልስ ሳጣ እጮሃለሁ፤ አመሌ ነው። «ማንነቴን ፍለጋ ነው የምትዪኝ? ማንነትሽማ ይኸው እዚህ ቆማ ሳህን ታጥባለች!» አልኳት። በመጨረሻ ፈረምኩላት። ፈርሜ ዝም ብል ምን ነበረበት? «ብቻ የሠራሽውን ስታሳዪ እኔን እንዳትጠሪኝ» ብዬ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩላት። ምላሴን በቆረጠው።

ከዚያ ቀን ወዲያ ልጄ አማርኛ ዘጋችብኝ። «ኦኬ»፣ «ፋይን»፣ «አይ ኖው»። በእነዚህ ሦስት ቃላት መስከረም አለፈ፣ ገናም አለፈ። ሥራ ቦታ የገዛ ስማቸው የጠፋባቸው አሮጊቶች እንኳ ሲያወሩኝ ይውላሉ፤ ቤቴ ስገባ ግን የሚሰማኝ የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ነው። አንዳንዴ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ ብቻዬን አወራለሁ። የምመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ልጄ አንድ ቀን አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ በቋንቋዬ፣ የሆዷን አንድ ነገር እንድትነግረኝ። ፈተናውን እንኳ ከዚያ ቀጥሎ ነበር የምመኘው።

ጥር ላይ ሮሆቦት ጥቁር መልበስ ጀመረች። ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ሹራብ፣ ጥቁር ካልሲ ሳይቀር። ትምህርት ቤቷ ሞልቶ የተረፈው ጥቁር በጥቁር የለበሰ ልጅ ስለሆነ፣ ፋሽን ነው ብዬ ተናደድኩ። ምግብም ቀነሰች። አንድ ጠዋት አንገቷን ደፍታ በኮሪደሩ ስታልፍ አየኋትና «ምንድን ነው እንዲህ መጨማደድ? ማን ሞተብሽ?» አልኳት። ቆም ብላ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው።

ጋሽ ፍሰሐም መመላለስ አበዙ። የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው፤ ፔትዎርዝ ነው የሚኖሩት፣ ታክሲ ይነዳሉ። በፊት በሁለት ወር አንዴ ብቅ ይሉ የነበሩት ሰውዬ በየሳምንቱ እየመጡ፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው «ፈተናው መቼ ነው?» ይሉኛል። «ነግሬዎት የለ፣ ጋሼ? የካቲት መጨረሻ፣ ሐሙስ ነው» እላቸዋለሁ። «በርቺ፣ በርቺ» ብለው ሻይ እንኳ ሳይጨርሱ ይሄዳሉ። ዘመድ ማለት እንዲህ ነው ብዬ መረቅኳቸው። እናቴ ጋ ስደውል አይነሳም፤ ለእሳቸው ብነግራቸው «የድሬዳዋ መስመር ተበላሽቷል አሉ፤ ቆፍረውት ነው» አሉኝ። የኦፕሬተር ልጅ ሆኜ፣ አንድ ወር ሙሉ መስመር ተበላሽቷል ስባል አመንኩ። እኔን ብሎ ነርስ!

ፈተናዬ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ሎንድሪ ወርጄ ልብስ ማሽን ውስጥ ልክተት ብዬ የሮሆቦትን ሱሪ ኪስ ስፈትሽ አንድ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። የሥነ ጥበብ ፕሮግራሙ ጥሪ ነው፤ ኤግዚቢሽኑ በማግስቱ ቅዳሜ። ጥቁር ወጣቶች ስለራሳቸው ይላል። ከአሥራ አንዱ ስም ሦስተኛው የልጄ ነው። ወረቀቱን ይዤ ማሽኖቹ መሃል ቆምኩ። እንዳትጠሪኝ ብያታለሁ፤ አልጠራችኝም። ምን አጠፋች? እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሱፐርቫይዘሬ ጋ ደውዬ ሕይወቴን ሙሉ አድርጌው የማላውቀውን ነገር አደረግኩ፤ ሳልታመም አሞኛል አልኩ።

ቅዳሜ ሮሆቦት በጠዋት ወጣች። እኔ ከምሳ በኋላ ያለኝን ደማቅ ቢጫ ሹራብ ለብሼ፣ ቢጫ አበባ ገዝቼ ባቡር ተሳፈርኩ። መሃል ከተማ ወርጄ መስመር ቀየርኩ። ፖቶማክ ወንዝን ስንሻገር የምላትን እለማመድ ነበር። «ሮሆቦቴ፣ ሳትጠሪኝ መጣሁ» ልላት ነው። ስትስቅ፣ ስታቅፈኝ ይታየኛል። ደግሞ ፊቷን ስታዞርብኝም ይታየኛል። ኪንግ ስትሪት ጣቢያ ስወርድ እጄ አልቦት የአበባው ወረቀት ርሶ ነበር።

ቦታው የድሮ መጋዘን የመሰለ የወጣቶች ማዕከል ነው። ገና ከበሩ ሳልፍ፣ እኔን የሚመስሉ፣ ልጄን የሚመስሉ ሰዎች ሞልተውታል፤ አያቶች፣ ሕፃን ያቀፉ እናቶች፣ ኮፍያቸውን ያወለቁ አባቶች። ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ። ማንም ግን «ምን ፈልገሽ ነው?» ብሎ አላየኝም። አንድ ልጅ የመዳፉን ፎቶ ሃምሳ ጊዜ አንስቶ ደርድሮታል። አንዷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ፀጉሯን የተበጠረችባቸውን ማበጠሪያዎች ሁሉ ሰቅላለች። አንዱ ደግሞ ባዶ መስታወት ሰቅሎ ሥዕል ነው ይላል። ጉድ እኮ ነው! እያልኩ፣ እየሳቅኩ ሳልፍ፣ ከእናቴ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምኩ።

የበር ያህል በሚሆን ነጭ ሰሌዳ ላይ፣ ቀጭን፣ ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ ክር መስመር በመስመር ተለጥፎ የእናቴ ፊት ሆኗል። ግንባሯ ላይ ያለው መስመር፣ ጉንጯ ላይ ያለችው ጠባሳ፣ ጆሮዋ ላይ የኦፕሬተር ማዳመጫዋ። ልትናገር አፏን ከፈት ያደረገች ትመስላለች። እንዴት ብታያት ነው ልጄ እንዲህ አድርጋ የሠራቻት ብዬ ልቤ ሞላ። ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ክሩ የካሴት ክር ነው። የጫማ ካርቶኑ ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ። ካሴቶቹን ተርትራቸዋለች! የእናቴን ድምፅ እንደ ሹራብ ክር ፈትታ ሙጫ ቀብታዋለች! ዛሬ ቤት ትግባና አሳያታለሁ አልኩ። ደግሞ ወዲያው፣ ምን ችግር አለው፣ እናቴ ሌላ ትልክላታለች ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

«የሮቢ እናት መሆን አለብሽ» አለችኝ አንዲት ሴት ከጎኔ። ሮሆቦትን ሮቢ ነው የሚሏት። ሴትየዋ አስተማሪዋ ሚስ ሎሬን ናት፤ ፀጉሯ ገብስማ የሆነ፣ ቀይ መነጽር ያደረገች ጥቁር አሜሪካዊት። አዎ ስላት ኩባያዋን እንደያዘች በአንድ እጇ አቀፈችኝ። «ስለ እናትሽ በጣም አዝናለሁ» አለችኝ።

አሜሪካኖች ለሁሉም ነገር ያዝናሉ ብዬ፣ «ምነው? ደህና ናት እኮ» ልላት አፌን ስከፍት፣ እሷ ቀጠለች። «ሮቢን ያንገበገባት ቀብሩ ላይ አለመገኘቷ ነው። ወሩን ሙሉ እዚህ ከእኛ ጋር ስታለቅስ ከረመች። ጎበዝ ልጅ ነው ያለሽ።»

ምን አልኳት መሰላችሁ? «ታንክ ዩ» አልኳት። እናቴ ሞታለች ተብዬ «ታንክ ዩ» አልኩ፤ ቢጫ ሹራብ ለብሼ፣ አበባ ይዤ።  

ሚስ ሎሬን ምንም አላወቀችም። ከሰሌዳው ጎን የተንጠለጠለውን ማዳመጫ አንስታ ሰጠችኝ። «ይህንንም ስሚው። እኛ ቋንቋውን አናውቀውም፤ ግን የሰማው ሁሉ ያለቅሳል» አለችኝ። ጆሮዬ ላይ አደረግኩት።

«ሃሎ፣ እማዬ፣ ይሰማል?» አለ የልጄ ድምፅ። በአማርኛ። በድሬዳዋ ልጅ አማርኛ። «እኔ ነኝ፣ ሮሆቦት። ይሄ እንደማይደርስሽ አውቃለሁ። እማዬ፣ ሶሪ። ካሴቶችሽን የፈታሁት በዲሴምበር ነው። ፊትሽን በድምፅሽ ልሥራው ብዬ ነው። ሌላ ትልኪያለሽ ብዬ ነው። ከዚያ ጋሽ ፍሰሐ መጡና አረፈች አሉኝ። ማም ፈተናዋን እስክትጨርስ እንዳትነግሪያት አሉኝ። ብትነግሪያትና ብትወድቅ፣ አንድ ነገር ብትሆን፣ ባንቺ ነው አሉኝ። ስለዚህ አልነገርኳትም። ጥቁር ለብሼ ስታየኝ፣ ማን ሞተብሽ አለችኝ። ልነግራት ነበር፣ እማዬ፤ በጣም ልነግራት ነበር። ሩሜ ገብቼ በሩን ዘጋሁት። ማም እዚህ አትመጣም፣ ቅዳሜ ትሠራለች። ሌላ አማርኛ የሚሰማ ደግሞ እዚህ የለም። ለዚህ ነው እዚህ የምነግርሽ። እዚህ ያሉት ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ አይዞሽ ይሉኛል። ግን ስምሽን በደንብ አይጠሩትም፣ እማዬ። ስምሽን በደንብ የሚጠራ ሰው የለኝም።»

ማዳመጫውን አወረድኩ። አዳራሹ ጥግ ላይ ሮሆቦት ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች፣ ጥቁር በጥቁር ለብሳ። ሁለት ልጆች ግራና ቀኝ ክንዷን ይዘዋታል፤ ሐዘንተኛ እንደሚያዝ። እነዚያ ከየት እንደሆኑ እንኳ የማላውቃቸው ልጆች፣ ለልጄ የእኔን ሥራ ሲሠሩላት ከርመዋል።

ሁለት እርምጃ ወደ እሷ ሄድኩ። ከዚያ ቆምኩ። አሁን ብታየኝ ምን ልትሆን ነው? አደራ ተብላ የያዘችው ምስጢር በእሷ ሰበብ ወጣ። ጋሽ ፍሰሐ ይሰማሉ፣ ሐበሻው ሁሉ ይሰማል፤ ዕድሜ ልኳን እናቷ መርዶዋን ከባዕድ አፍ እንድትሰማ ያደረገች ልጅ ተብላ ልትቀር ነው። ሐሙስ ብወድቅ ደግሞ፣ አለቀላት፤ እኔ ነኝ የጣልኳት ብላ ነው የምትኖረው። አበባውን ለሚስ ሎሬን ሰጠኋት። «ሥራ ልገባ ነው። መምጣቴን አትንገሪያት፣ እባክሽ፤ እኔ ራሴ እነግራታለሁ» አልኳት። ግራ ተጋብታ እሺ አለችኝ። ወጣሁ።

ባቡር ላይ አላለቀስኩም። በማግስቱ ሥራ ቦታ የአንሶላ ማስቀመጫ ክፍል ገብቼ፣ በሩን በእግሬ ደግፌ፣ ፊቴን ታጥበው በተጣጠፉት አንሶላዎች ውስጥ ቀበርኩ። እናቴን ብቻዬን፣ ድምፄን አፍኜ፣ እንደ ሌባ አለቀስኳት። ከዚያ ወጥቼ የአሥራ አራት ሰው ደም ግፊት ለካሁ። ቤት ስገባ ሮሆቦት ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። «ኤግዚቢሽን ምናምን አላችሁ አይደል? እንዴት ሆነ?» አልኳት እንደዋዛ። «ፋይን» አለችኝ።

ያቺን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍናት! ሁለታችንም ሐዘንተኛ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን ፓስታ እንበላለን። ጨው አቀብዪኝ እላታለሁ፤ «ኦኬ» ትለኛለች። እኔ አሁን ታለቅሳለች ብዬ እሰጋለሁ፤ እሷ ምን ታስብ እንደነበር እግዜር ይወቅ። ሐሙስ ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ ለራሴ አንድ ነገር ብቻ ነው ያልኩት፤ ብወድቅ ልጄ ወር ሙሉ በከንቱ ታፍና ከረመች ማለት ነው። ሰባ አምስተኛው ጥያቄ ላይ ኮምፒውተሩ ጠፋ። ፈተናው እንዲህ ቶሎ ሲቆም ወይ በጣም አውቄያለሁ፣ ወይ ጭራሽ አላውቅም ማለት ነው። በኋላ በፖስታ እንደመጣው፣ አልፌያለሁ።

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ፣ ታች መኪና ማቆሚያው ውስጥ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። ቀስ ተብሎ ነው የሚዘጋው። ሐበሻ የመኪና በር ቀስ ብሎ የሚዘጋው መርዶ ሊያረዳ ሲመጣ ብቻ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ስምንት በር ቆጠርኩ። ለብሼ መጠበቅ እችል ነበር፤ ግን ያልሰማ ሰው ተኝቶ ነው የሚገኘውና ፒጃማዬን እንደለበስኩ ብርድ ልብሴን እስከ አገጬ ሳብኩት። በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጋሽ ፍሰሐ ከፊት፣ ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች እስከ አሳንሰሩ ድረስ። «ትብለጥ፣ ልጄ፣ እንግዲህ ጠንከር በይ» አሉኝ።

ማስመሰል እንዳያቅተኝ ፈርቼ ነበር። የሌለ ለቅሶ ከየት አመጣለሁ እያልኩ ስጨነቅ ነው ያደርኩት። ግን ጋሽ ፍሰሐ የእናቴን ስም ጠሩ። «እትዬ ፅጌ» አሉ፣ ጥርት አድርገው። ሳምንት ሙሉ አፍኜ የያዝኩት ጩኸት ፎቁን አናወጠው። ሴቶቹ ወረሩኝ፤ አንዷ ደረቴን ትይዛለች፣ አንዷ ውሃ ትረጨኛለች፣ ሁሉም እኔን፣ እኔን ብቻ። በሰዎቹ ትከሻ መሃል ሮሆቦት ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ቆማ አየኋት። አንድም ሰው አላቀፋትም።

«ልጅቷን ወደ ውስጥ አስገቧት» አለች አንዷ።

«ተዉአት! እኔ ጋ ትምጣ!» ብዬ ጮህኩ።

መጥታ አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። እጇን ያዝኩት፤ በረዶ ነበር። ለቅሶው ትንሽ ጋብ ሲል ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣ ማንም ሳይሰማን፣ እንድትነግረኝ በሩን ከፈትኩላት። «አንቺስ፣ ሰምተሽ ነበር?» አልኳት።

ዓይኗ ወደ ጋሽ ፍሰሐ ሄዶ ወደ እኔ ተመለሰ። 

«አልሰማሁም» አለችኝ። በአማርኛ። «ዛሬ ነው የሰማሁት፣ ካንቺ ጋር።»

ከሰመር ወዲህ ልጄ በቋንቋዬ የነገረችኝ የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው። ለእኔ ብላ የዋሸችው ውሸት። «አውቃለሁ፣ ልጄ፤ ሁሉንም ነግረሽኛል» ልላት ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ፊቷን አየሁት። ያን ሁሉ ቀን የተሸከመችው ነገር ከላይዋ ወርዶላት፣ ገና ያኔ፣ እንደ ልጅ ማልቀስ ጀምራለች። መልሼ እንዴት ላሸክማት?

«እኔም» አልኳት።